አምስት ደቂቃና አንድ ዕድሜ

ሰው የሚሞትበትን ቀን ቢያውቅ ኖሮ አንዲት ሰዓት እንኳ በከንቱ አያሳልፍም ነበር ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ይህን ቃል ሽማግሌዎች ለልጆቻቸው፣ መምህራን ለተማሪዎቻቸው፣ ሰባኪዎችም ለምእመናን ይናገሩታል። አባባሉ መልካም ነው፤ ሰምቶ የሚቃወመውም የለም። እኔ ግን ደጋግሜ ሳስበው አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ይኸውም፣ ሰው በእውነት የሞትን ፊት ቢያይና የዕድሜውን ዋጋ ቢያውቅ፣ ያ ዕውቀት ብቻውን የቀረውን ዘመን ደኅና አድርጎ ሊያኖረው ይችላልን? የሚል ነው።

ጥያቄው በማሰብ ብቻ የሚመለስ አይደለም። ሞትን በዓይናቸው ያዩት አብዛኞቹ አልተመለሱም፤ ከተመለሱትም መካከል ያዩትን ለመጻፍ የቻሉ ጥቂቶች ናቸው፤ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደ ኖሩ ሳይደብቁ የተናገሩት ደግሞ ከጥቂቶቹም ያነሡ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የሩሲያው ልብ ወለድ ጸሐፊ ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ ነው። ስለዚህ የዚህን ሰው ታሪክ ለወጣት አንባቢዎቼ ባጭሩ ልተርክና ከታሪኩ የሚገኘውን ትምህርት አብረን ልንመረምር አስቤአለሁ። ዓመቶቹን የምጽፋቸው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ወርና ቀኑ ግን በዚያን ዘመን በሩሲያ ይሠራበት በነበረው በአሮጌው አቆጣጠር ነው፤ ይህም ከሌላው አውሮፓ በ12 ቀን ወደ ኋላ የቀረ ነበር።

ዶስቶየቭስኪ በ1821 ዓ.ም. በሞስኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ የድኆች ሆስፒታል ሐኪም ስለ ነበረ፣ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በመኖሪያ ቤታቸው አጠገብ የሚያየው በእጦትና በደዌ የተጎሳቆለ ሕዝብ ነበር። እናቱ በ1837 ዓ.ም. ሞተች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም አባቱ ሞተ። እርሱ በዚህ መካከል ወደ ፒተርስቡርግ ተልኮ በጦር መሐንዲሶች ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር። ትምህርቱን ቢጨርስም ልቡ ከመጻሕፍት ጋራ ስለ ነበረ ሹመቱን ትቶ ብዕር ጨበጠ። «ድኆች ሰዎች» የሚባለው የመጀመሪያ ድርሰቱ በ1846 ዓ.ም. ታተመ። በዘመኑ የድርሰት መርማሪ የነበረው ቤሊንስኪ አጥብቆ ስላመሰገነው፣ የ24 ዓመቱ ጎልማሳ ስሙ ባንድ ጊዜ ታወቀ።

በዚያን ዘመን በሩሲያ ብዙ ሚሊዮን ገበሬ እንደ ጌታው ንብረት ተቈጥሮ ይሸጥና ይለወጥ ነበር። መጽሐፍም ሆነ ጋዜጣ በመንግሥት ሳይመረመር አይታተምም። ይህ ያሳዘናቸው ወጣቶች ፔትራሼቭስኪ በሚባል ሰው ቤት ዓርብ ዓርብ ማታ እየተሰበሰቡ፣ ገበሬው ነፃ ስለሚወጣበት መንገድና ስለ ሕዝብ አስተዳደር ይነጋገሩ ነበር። ዶስቶየቭስኪም ከእነርሱ ጋራ ተቀመጠ። አንድ ቀን፣ ቤሊንስኪ ለደራሲው ለጎጎል የጻፈውንና መንግሥት የከለከለውን ደብዳቤ ለጉባኤው አነበበ። በመካከላቸው ሰላይ ነበረ። በ1849 ዓ.ም. በኤፕሪል 23 ሌሊት ወታደሮች መጥተው ከአልጋው አስነሥተው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ያህል በፒተርስቡርግ ምሽግ ውስጥ ታሰረ።

አሁን ወደ ነገሩ ፍሬ ደረስን። በዚያው ዓመት በዲሴምበር 22 ቀን ጧት እስረኞቹ በሠረገላ ተጭነው ሴሚዮኖቭ ወደሚባለው አደባባይ ተወሰዱ። ክረምት ስለ ነበረ ምድሩን በረዶ ሸፍኖታል። በአደባባዩ መካከል መድረክ ተሠርቷል፤ ከፊቱም እንጨቶች ተተክለዋል፤ ወታደሮችም ዙሪያውን ቆመዋል። ሃያ ያህሉ እስረኞች በመድረኩ ላይ እንዲሰለፉ ተደርጎ የሞት ፍርድ ተነበበላቸው። ካህን መስቀል አሳለማቸው፤ መኳንንቱ ማዕርጋቸውን የማጣታቸው ምልክት ሆኖ ሰይፍ በራሳቸው ላይ ተሰበረ፤ እንደ ከፈን ያለ ነጭ ልብስም አለበሱአቸው። ፍርዱ የሚፈጸመው በሦስት በሦስት ሰው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከእንጨቱ ጋራ ታሰሩ፤ የሚተኩሱትም ወታደሮች ጠመንጃቸውን አነጣጠሩ። ዶስቶየቭስኪ ከመጀመሪያው ስድስተኛ ስለ ነበረ የሁለተኛው ተራ እርሱ ያለበት ነው። በራሱ ግምት የቀረው ዕድሜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር።

በዚህ ጊዜ ከበሮ ተመታ፤ ጠመንጃዎቹም ዝቅ አሉ። የንጉሠ ነገሥቱ የኒኮላስ ቀዳማዊ የምሕረት ቃል ተነበበ። ለካስ የሞቱ ፍርድ አስቀድሞ ተለውጦ ኖሮ፣ ያ ሁሉ ሥርዐት ለማስፈራሪያና ለመቀጣጫ ሲባል በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ የተሰናዳ ነበር። ከእንጨቱ ጋራ ታስረው ከነበሩት ከሦስቱ አንዱ፣ ግሪጎርየቭ የሚባለው፣ አእምሮው ተናወጠ። ዶስቶየቭስኪ አራት ዓመት በሳይቤሪያ ከባድ የጉልበት ሥራ እንዲሠራ፣ ከዚያም ተራ ወታደር ሆኖ እንዲያገለግል ተፈረደበት።

በዚያው ቀን ወደ እስር ቤቱ ተመልሶ ለታላቅ ወንድሙ ለሚካኢል ደብዳቤ ጻፈ። ይህ ደብዳቤ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። በውስጡ የሚነበበው የደስታና የጸጸት ስሜት ነው፤ ስንት ጊዜ በስሕተትና በስንፍና እንዳጠፋ እያሰበ ያዝናል፤ ሕይወት ትልቅ ስጦታ መሆንዋን፣ በማንኛውም ስፍራ ቢሆን ሰው ሆኖ መኖር እንደሚቻል ይናገራል፤ ከእንግዲህም ወዲህ አዲስ ሰው ሆኖ ሊኖር ቃል ይገባል። ቃሉን ከልቡ እንደ ገባ አንጠራጠርም። በዚያች ሰዓት ሊዋሽ የሚችል ሰው የለም።

በዲሴምበር 24 ሌሊት እግሩ በብረት ታስሮ ወደ ሳይቤሪያ ጕዞ ጀመረ። የእግሩ ብረት አራት ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር። ቶቦልስክ በተባለው ከተማ ሲደርሱ፣ ባሎቻቸው በ1825 ዓ.ም. በተነሣው ዐመፅ ምክንያት ስለ ተጋዙ እነርሱም ፈቅደው ተከትለው የመጡ ሴቶች እስረኞቹን ጐበኙአቸው። ለያንዳንዳቸውም አንዳንድ ሐዲስ ኪዳን ሰጡአቸው፤ በመጽሐፉ ክዳን ውስጥም ዐሥር ሩብል ተደብቆ ነበር። በወህኒው ቤት እንዲነበብ የሚፈቀደው መጽሐፍ ይኸው ብቻ ነበር። ዶስቶየቭስኪ ያንን መጽሐፍ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ከአጠገቡ አልለየውም።

በኦምስክ ወህኒ ቤት አራት ዓመት ኖረ። ጡብ ተሸከመ፤ በረዶ ጠረገ፤ የኖራ ድንጋይ አቃጥሎ ወቀጠ። ነፍስ ገዳዮችና ሌቦች ከእርሱ ጋራ ባንድ አዳራሽ ይተኙ ነበር። ከሁሉ የከበደው ግን ሥራው ወይም ብረቱ አልነበረም፤ በአራት ዓመት ውስጥ አንዲት ደቂቃ እንኳ ብቻውን ለመሆን አለመቻሉ ነበር። ከገበሬ ወገን የሆኑት እስረኞች ደግሞ እርሱን ከጌቶች ወገን ቈጥረው ይጠሉት ነበር። ስለ ገበሬው ነፃነት ብሎ የታሰረውን ሰው ገበሬው ራሱ ሲጠላው ማየት ምን ያህል መራራ እንደሚሆን አስቡት።

ሆኖም ያ ስፍራ ለዶስቶየቭስኪ ሌላ ትምህርት ቤት ሆነለት። በኋላ በ1861 እና በ1862 ዓ.ም. ባወጣው «የሙታን ቤት ማስታወሻ» በተባለው መጽሐፉ የተማረውን ጽፎታል። ከጻፋቸውም ነገሮች አንዱን ልጥቀስ። አንድን ሰው ፈጽሞ ለማድቀቅ የሚፈልግ ቢኖር ከባድ ሥራ ማሠራት አያስፈልገውም፤ ውሃውን ካንዱ ገንዳ ወደ ሌላው እንዲያፈስ፣ ከዚያም መልሶ እንዲገለብጥ፣ ይህንኑም ሳያቋርጥ እንዲያደርግ ማዘዝ ብቻ ይበቃል፤ እንዲህ ያለ ምንም ጥቅም የሌለው ሥራ የተሰጠው ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ ራሱን ለመግደል ይደርሳል ይላል። እስረኛ እንኳ ጡብ ሲሠራ ጡቡ ቤት እንደሚሆን ስለሚያውቅ አሳምሮ ለመሥራት ይጣጣራል። እንግዲህ ሰው ያለ እንጀራ ብቻ ሳይሆን ያለ ዓላማም መኖር የማይችል ፍጥረት መሆኑን ዶስቶየቭስኪ ከፈላስፎች መጽሐፍ አልተማረውም፤ እግር ብረት ታስሮ ነው የተረዳው። ሁለተኛም፣ ላይ ላዩን ሲያዩት እንደ አውሬ በሚያስፈራው ወንጀለኛ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ርኅሩኅ ልብ ተሸሽጎ እንደሚኖር አየ። ከዚያ በኋላ በጻፋቸው መጻሕፍት ሁሉ፣ ሰውን በሠራው ክፉ ሥራ ብቻ ለክቶ የጨረሰበት ጊዜ የለም።

ከወህኒ ቤት በ1854 ዓ.ም. ወጣ፤ ሴሚፓላቲንስክ በተባለው ስፍራ ወታደር ሆኖ አገለገለ፤ በ1857 ዓ.ም. ሚስት አገባ፤ በ1859 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ፒተርስቡርግ እንዲመለስ ተፈቀደለት። ከወንድሙ ጋራ መጽሔት አቋቋመ፤ ስሙም እንደ ገና ተነሣ። እንግዲህ ከእንጨቱ ፊት የገባውን ቃል የሚፈጽምበት ጊዜ ደረሰ ማለት ነው። ታዲያ ፈጸመውን?

እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። አልፈጸመውም። በ1863 ዓ.ም. ወደ ጀርመን አገር በሄደ ጊዜ ሩሌት የሚባለው ቁማር ያዘው። ሩሌት ማለት በቍጥር በተከፋፈለ መንኰራኵር ላይ ትንሽ ኳስ እያሽከረከሩ፣ ኳሱ በየትኛው ቍጥር ላይ እንደሚያርፍ በመገመት ገንዘብ የሚያሲዙበት ጨዋታ ነው። አንድ ቀን ያገኛል፤ በማግስቱ ያገኘውንም የነበረውንም ያጣል። በ1864 ዓ.ም. ሚስቱም ወንድሙም በሦስት ወር ልዩነት ሞቱበት። የመጽሔቱን ዕዳ ተቀበለ፤ የወንድሙንም ሚስትና ልጆች የመርዳት ሸክም በላዩ ላይ ወደቀ። ይህን ማድረጉ የልቡን ቸርነት ያሳያል። ነገር ግን ይኸው ቸር ሰው በ1865 ዓ.ም. ቪስባደን በተባለው ከተማ የያዘውን ገንዘብ በጥቂት ቀን ውስጥ በቁማር ጨረሰ። ያረፈበት ሆቴል ምሳና ራት ከልክሎት ሻይ ብቻ ይሰጠው ነበር። በዚያ ችግር ውስጥ ሆኖ ነው «ወንጀልና ቅጣት» የተባለውን ታላቅ መጽሐፍ የጠነሰሰው።

እኛም በአገራችን እንዲህ ያለውን ነገር በሌላ መልኩ እናውቀዋለን። ሕመም የጸናበት ወይም መንገድ ላይ አደጋ የደረሰበት ሰው ስለት ይሳላል፤ ቢድን መጠጥ ሊተው፣ ከወንድሙ ጋራ ሊታረቅ፣ ለድኻ ሊመጸውት ቃል ይገባል። ከዳነ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ቃሉን ያስባል፤ በሁለተኛው ሳምንት ለሌላ ጊዜ ያስተላልፋል፤ በሦስተኛው ወር ሌላ ሰው እንዳያስታውሰው ይፈራል። ሲሳል ግን አልዋሸም ነበር።

ከዶስቶየቭስኪ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ፣ ይህንን ድካም ራሱ አውቆ መጻፉ ነው። በ1867 ዓ.ም. ባደን ባደን በተባለው ከተማ እንደ ገና በቁማር ተሸነፈ፤ የሁለተኛ ሚስቱን የአናን የጆሮ ጉትቻና የጋብቻ ቀለበት ሳይቀር በመያዣ ሰጠ። ከዚያ ተነሥተው ጄኔቫ ገብተው ሳሉ፣ በዚያው ዓመት ክረምት «ጅሉ» የተባለውን መጽሐፍ ጀመረ። በመጽሐፉ መጀመሪያ አካባቢ፣ ሚሽኪን የተባለው ዋናው ሰው፣ ሊገደል ተወስዶ በመጨረሻው ሰዓት ምሕረት ስላገኘ ሰው ይተርካል። ያ ሰው አምስት ደቂቃ ብቻ ሲቀረው አምስቱ ደቂቃ እንደ ትልቅ ሀብት ሆኖ ታየው፤ ስለዚህ ከፋፈለው፤ ጥቂቱን ጓደኞቹን ለመሰናበት፣ ጥቂቱን ስለ ራሱ ለማሰብ፣ የቀረውንም ዓለምን ለመጨረሻ ጊዜ ለመመልከት መደበው። በአቅራቢያው የነበረውን በፀሐይ የሚያብረቀርቅ የቤተ ክርስቲያን ጕልላት ትክ ብሎ አየ። ዕድሜ ቢመለስለት እያንዳንዷን ደቂቃ እንደ አንድ ዘመን ሊቈጥራት አሰበ። ይህን ሲሰሙ ከነበሩት ሴቶች አንዲቱ፣ ታዲያ ያ ሰው ከዳነ በኋላ እንዳለው ደቂቃውን እየቈጠረ ኖረ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ሚሽኪንም፣ እኔው ራሴ ይህንኑ ጠይቄው ነበር፣ እርሱ ግን እንዲያ አለመኖሩንና ብዙ ብዙ ደቂቃ በከንቱ ማጥፋቱን ነገረኝ ብሎ ይመልሳል።

ይህን የጻፈው ሰው ከቁማር ጠረጴዛ ከተነሣ ገና ጥቂት ወር ነበር። በሌላ ሰው ታሪክ ሸፍኖ በራሱ ላይ ፈረደ። ብዙ ደራሲዎች ቢሆኑ ታሪኩን ከምሕረቱ ላይ ያቆሙት ነበር፤ አንባቢው እያለቀሰ መጽሐፉን ይዘጋልና። ዶስቶየቭስኪ ግን ከምሕረቱ በኋላ ያለውን ጥያቄ ጨመረበት። በእኔ አስተያየት ስለ ሰው ሕይወት ከተጻፉት እውነተኛ ነገሮች አንዱ ይህ አጭር መልስ ነው።

እንግዲህ የሞት ፍርሃት ካላዳነው ምን አዳነው? ይህንን ለማወቅ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ዶስቶየቭስኪ በ1865 ዓ.ም. ስቴሎቭስኪ ከተባለ አሳታሚ ጋራ በ3000 ሩብል ውል ተዋውሎ ነበር። ውሉ፣ እስከ 1866 ዓ.ም. ኖቬምበር 1 ቀን አዲስ ልብ ወለድ ባያስረክብ፣ አሳታሚው የደራሲውን ሥራ ሁሉ ዘጠኝ ዓመት ያለ ምንም ክፍያ እንዲያሳትም የሚፈቅድ ነበር። ኦክቶበር ሲገባ ከመጽሐፉ አንዲት መስመር እንኳ አልተጻፈችም። ወዳጆቹ ስቴኖግራፊ የሚባለውን የፍጥነት ጽሕፈት የምታውቅ ሰው እንዲቀጥር መከሩት። በኦክቶበር 4 ቀን አና ግሪጎርየቭና የተባለች የ20 ዓመት ልጅ ወደ ቤቱ መጣች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ምንም ተአምር የለበትም። በየቀኑ ከቀትር ጀምሮ ጥቂት ሰዓት እርሱ ይናገራል፤ እርስዋ ትጽፋለች፤ ማታ ቤትዋ ገብታ በተራ ጽሕፈት ትገለብጠዋለች፤ በማግስቱ ይዛ ስትመጣ እርሱ ያርማል። በ26 ቀን «ቁማርተኛው» የተባለው መጽሐፍ አለቀ። ለማስረከብ ሲሄድ አሳታሚው ከከተማ ወጥቷል ተባለ። ዶስቶየቭስኪ ግን ረቂቁን ለፖሊስ ጣቢያ አስረክቦ፣ ጊዜው ሊያልፍ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ደረሰኝ ተቀበለ፤ ሥራዎቹም ከሰው እጅ ዳኑ። በሚከተለው ዓመት በፌብሩዋሪ አናን አገባ፤ በዕድሜ 25 ዓመት ያህል ይበልጣት ነበር።

እንግዲህ ሁለቱን ቀኖች አስተያዩአቸው። በአደባባዩ ላይ አምስት ደቂቃ ነበረው፤ ከዚያ በኋላ የዕድሜ ልክ ቃል ገባ፤ አልጠበቀውም። በ1866 ዓ.ም. ግን ለዕድሜ ልክ የገባው ቃል የለም፤ ነገ ከቀትር በኋላ ተመልሳ የምትመጣ አንዲት ሠራተኛ ብቻ ነበረች። ይህችን ትንሽ ቀጠሮ ጠበቀ። ዛሬን ጠበቀ፣ ነገንም ጠበቀ፣ 26 ቀንም ሞላ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ቁማሩ ግን በዚህ ወዲያው አልተወውም። ከላይ እንዳልሁት በባደን ባደን የአና ቀለበት እንኳ አልተረፈም። በ1868 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጃቸው ሶፊያ በጄኔቫ ተወልዳ በሦስት ወርዋ ሞተች፤ ሐዘኑ ልቡን ሰበረው፤ ሆኖም ሐዘኑም ከቁማር አላወጣውም። አና ግን በዚህ ሁሉ ዘመን አላዋረደችውም፤ የሠራውን ሁሉ ይነግራታል፤ እርስዋም ሰምታ ወደ ጽሕፈቱ ትመልሰዋለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እርሱ ከሚስቱ አልደበቀም። በ1871 ዓ.ም. በኤፕሪል ወር በቪስባደን ለመጨረሻ ጊዜ ተጫውቶ ተሸነፈ። ከዚያ ዐሥር ዓመት ያህል ያሠቃየው ምኞት ከእርሱ እንደ ተለየ ለሚስቱ ጻፈላት። እንዲህ ያለ ቃል ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ሰጥቷል። የአሁኑ ግን ጸና፤ እስኪሞት ድረስ ወደ ቁማር አልተመለሰም።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ አና የባልዋን መጻሕፍት ራስዋ ለማሳተም ቈረጠች። ከ1873 ዓ.ም. ጀምሮ ወረቀት ገዝታ፣ ከአታሚዎች ጋራ ተከራክራ፣ መጽሐፉን ከቤትዋ ትሸጥ ነበር። የዕዳው ተራራ በዚህ ዓይነት እየተናደ ሄደ። እርሱም ቤተ ሰቡ ሁሉ ሲተኛ፣ ብርቱ ሻይ ከፊቱ አስቀምጦ እስከ ንጋት ድረስ ይጽፍ ነበር። ያንን ሥራ የሠራው በሚጥል በሽታ እየተሠቃየ ነው። በ1878 ዓ.ም. ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጁ አልዮሻ በዚያው በሚጥል በሽታ ሞተ። አባትየው ኦፕቲና ወደሚባለው ገዳም ሄደ፤ አምቭሮሲ የተባሉትንም ሽማግሌ መነኵሴ አነጋገረ። ሲመለስ የመጨረሻውንና ከሁሉ የበለጠውን መጽሐፉን «የካራማዞቭ ወንድማማቾች»ን ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1879 እና በ1880 ዓ.ም. በመጽሔት ተከፋፍሎ ወጣ። ከዋነኞቹ ሰዎች ለአንዱ የሞተውን ልጁን ስም ሰጠው። ልጅዋ ስለ ሞተባት እናት በሚናገረው ክፍልም፣ ሽማግሌው መነኵሴ ለእናቲቱ አታልቅሺ አይላትም፤ እንድታለቅስ ይፈቅድላታል።

በዚያው መጽሐፍ፣ ከላይ ላነሣሁት ጥያቄ የመጨረሻውን መልስ የሰጠ ይመስለኛል። አንዲት ሴት ወደዚሁ መነኵሴ መጥታ፣ የሰውን ዘር ሁሉ እንደምትወድና ድውዮችን ለማገልገል እንደምትመኝ፣ ነገር ግን ምስጋና ቢያጓድሉባት መታገሥ እንደማትችል ትነግረዋለች። መነኵሴውም በምኞት የሚኖር ፍቅርና በሥራ የሚኖር ፍቅር የተለያዩ መሆናቸውን ያስረዳታል። የምኞት ፍቅር ሰው ሁሉ እያየለት ባንድ ጊዜ ትልቅ ነገር ሠርቶ ለመጨረስ ይቸኵላል፤ ሕይወቱን እንኳ ለመስጠት ዝግጁ ነው፤ ብቻ ቶሎ ይለቅ። የሥራ ፍቅር ግን ልፋትና ትዕግሥት ነው። ይህን የጻፈው በ28 ዓመቱ ባንድ ጧት ለመሞት የቆመ፣ ከዚያም ሠላሳ ዓመት መኖር ከመሞት ይልቅ የከበደው ሰው ነው።

ዶስቶየቭስኪን ጻድቅ አድርጌ ለማቅረብ አልፈልግም። ለነፍሰ ገዳይ የሚራራው ይህ ልብ፣ በ1877 ዓ.ም. በመጽሔቱ ስለ አይሁድ በጻፈው ጽሑፍ ርኅራኄው ጐድሎ ታይቷል። አንድ ሰው በአንድ በኩል ጥልቅ ሆኖ በሌላ በኩል ጠባብ ሊሆን ይችላል። ይህም ራሱ ስለ ሰው ባሕርይ ትምህርት ነው፤ ማንንም ሰው እናደንቃለን ብለን ዓይናችንን መጨፈን የለብንም።

በ1881 ዓ.ም. በጃንዩዋሪ 28 ቀን፣ በ59 ዓመቱ ሞተ። በዚያን ቀን ጧት በቶቦልስክ የተሰጠውን አሮጌ ሐዲስ ኪዳን አምጥታ እንድታነብለት አናን ለመናት። በቀብሩ ቀን እጅግ ብዙ ሕዝብ ተከትሎ አሌክሳንደር ኔቭስኪ በተባለው ገዳም አሳረፈው።

ወጣቶች ሆይ፣ ያ የአደባባይ ጧት ለዶስቶየቭስኪ ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም። የሕይወትን ዋጋ አሳይቶታል፤ ያንን ባያይ የጻፈውን ሁሉ ባልጻፈው ነበር። ነገር ግን ያ ጧት ዓይን ሰጠው እንጂ እጅ አልሰጠውም። እጅ የሆነለት የዕለት ሥራው፣ እውነቱን የሚነግራት ሰው፣ ከወደቀ በኋላም እንደ ገና ወደ ጠረጴዛው መመለሱ ነው።

ስለዚህ ልባችሁ በሐዘን ወይም በፍርሃት ወይም በደስታ ተነክቶ ትልቅ ቃል በገባችሁ ጊዜ፣ ቃሉን አትናቁት፤ ግን አትመኩበትም። ያንኑ ቀን ከቃሉ ላይ ለነገ የምትሆን ትንሽ ሥራ ቍረሱለት፤ መሥራታችሁንና አለመሥራታችሁን የሚጠይቃችሁ አንድ የታመነ ሰው ፈልጉ፤ ብታጐድሉም አትሸሽጉት። ቃላችሁን አፍርሳችሁ ብትገኙ ደግሞ፣ ከዚህ በኋላ ዋጋ የለኝም ብላችሁ ተስፋ አትቍረጡ። ከጠመንጃ አፍ የተመለሰው ሰው እንኳ ቃሉን ለመጠበቅ ሃያ ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል፤ ቢሆንም ከዘገየ በኋላ ያገኘው ዐሥር ዓመት ትልቁን ሥራውን ለመፈጸም በቅቶታል።